ጫፉ ያልተሰበረ ዛጎል

የኤፒፋንያ ችግር የጀመረው ተከራዩ ቤቱ አልበቃው ያለ ዕለት ነው።

ተከራይ የምትለው በቤቷ የመስታወት ገንዳ ውስጥ የሚኖረውን ሸርጣን ነው። የዚህ ዘር ሸርጣን ከሌሎቹ ይለያል። ፊቱ፣ እጆቹና እግሮቹ እንደማንኛውም ሸርጣን ጠንካራ ቅርፊት አላቸው፤ ከወገቡ በታች ግን ተቀቅሎ እንደተላጠ እንቁላል ለስላሳ ነው። ስለዚህ የሞተ ቀንድ አውጣ ትቶት የሄደውን ዛጎል ይፈልግና ለስላሳ ገላውን ጠምዝዞ ያስገባበታል። ከዚያ ወዲያ በሄደበት ሁሉ ቤቱን አዝሎ ነው የሚሄደው። የሚያስፈራው ነገር ሲመጣ ወደ ውስጥ ሸሽቶ ይደበቃል። ጣጣው፣ ሸርጣን ያድጋል፤ ዛጎል አያድግም።

የዚያን ዕለት ኤፒፋንያ ቁራጭ ዓሣ ልትሰጠው ስትል ማንኪያው ከእጇ አምልጦ ገንዳው ውስጥ ወደቀ። ተከራዩ ደንግጦ ወደኋላ ሸሸ። ነገር ግን እግሮቹ ውጭ ቀሩ። ገፋ፣ ተጨማደደ፣ እንደገና ገፋ፤ አልገባም። በማግስቱ ለማረጋገጥ ሆን ብላ ማንኪያውን ጣለች። ያው ሆነ። የሸርጣኑ ግማሽ አካል፣ በር ላይ እንደተቀረቀረ የቤት ዕቃ፣ ውጭ ቀርቶ ይንቀጠቀጥ ነበር።

በደሴታችን ላይ ኤፒፋንያን በሙሉ ስሟ የሚጠራት ቄሱ ብቻ ነው። ለሌላው ሁሉ ፓንያንግ ናት፤ በዕድሜ የሚያንሷት ለታላቅ እህት እንደሚባለው «ናንግ» ይሏታል። ቤቷ በደሴቱ ምዕራባዊ ጠርዝ፣ ባሕሩ ሲሞላ ውኃው ከወለሉ ሥር በሚገባበት ቦታ፣ በእንጨት ምሰሶዎች ላይ የቆመ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ የሠራችው ሥራ ዛጎል ማጽዳት ነው። ጀልባዎች ከየደሴቱ በጆንያ የሚያመጡትን ዛጎል አሲድ ውስጥ ትነክራለች፤ በብሩሽ ትፈትጋለች፤ ታለቀልቃለች፤ በመጨረሻም እንዲያብረቀርቅ የሕፃናት ቅባት ትቀባዋለች። በስቶ ወደ አንገት ጌጥ፣ ወደ መጋረጃ፣ ወደ መብራት ሽፋን የሚለውጠው ሌላ ሰው ነው። ሴቡ ከተማ ሱቆች ውስጥ የምታዩት የሚያብለጨልጭ ዛጎል ሁሉ እንደ ፓንያንግ ባለ ሰው እጅ ውስጥ አልፏል።

ባሏ ክሪሶሎጎ ደግሞ ለቤት አኳሪየም የሚሆን ዓሣ ይይዝ ነበር። ይህ ሥራ ለድስት ከሚሆነው ዓሣ ማጥመድ ፈጽሞ ይለያል፤ ዓሣው ሳይቧጠጥ በሕይወት መያዝ አለበት። ክሪሶሎጎ ጠልቆ ቀጭኑን መረብ በባሕሩ ሥር ባለው ኮራል መካከል እንደ አጥር ይዘረጋል። ከዚያ አንድ እንጨት ይዞ፣ ዶሮ ወደ ቆጥ እንደሚያስገባ ሰው፣ ዓሣዎቹን ቀስ እያለ ወደ መረቡ ይነዳቸዋል። አብረው ከሆኑ ስለሚናከሱ እያንዳንዱን በየላስቲኩ ለብቻው ያደርገዋል። ነጋዴው ከከተማ እስኪመጣ የሚቆዩት ከአሮጌ የመስኮት መስታወት ራሱ በሠራው ገንዳ ውስጥ ነበር።

ተከራዩ የመጣው ሳይፈለግ፣ መረቡ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ነው። ዛጎሉ ላይ ሦስት የባሕር አበቦች ተቀምጠውበት ነበር። አበባ ይባሉ እንጂ እንስሳት ናቸው፤ ጣቶቻቸው እንደ ሳማ ይለበልባሉ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ይህን ነገር ባየሁት ቁጥር ይደንቀኛል። አበቦቹን ዛጎሉ ላይ የሚያስቀምጣቸው ሸርጣኑ ራሱ ነው። እነሱ ጠላቱን ይለበልቡለታል፤ እሱም ከምግቡ ያተርፍላቸዋል። ኦክቶፐስ እንኳ እንዲህ ያለውን ሸርጣን ለመንካት ያመነታል።

ይሁንና ይሄኛው ትልቁ ግራ እጁ አልነበረም። ከሥሩ ተገንጥሏል። ነጋዴው አየውና ሳቀ።

«ባለ አንድ እጅ ማን ይወስድልኛል?»

«እጁ እኮ ልብሱን ሲቀይር ይበቅላል» አለ ክሪሶሎጎ። «እስከዚያ እኔ ጋ ተከራይ ይሁን። ሲበቅል ካመጣሁበት እመልሰዋለሁ።»

ፓንያንግ ከጓዳ ሆና «ኪራዩን በምን ሊከፍል ነው?» ብላ ጮኸች።

«በወሬ!» አላት። ስሙ የወጣለት ያኔ ነው።

በዝናቡ ወራት ክሪሶሎጎ ደረቱን ታሞ ሞተ። ለዘጠኙ የጸሎት ቀናት ቤቱ በሰው ተሞላ። ነጋዴውም መጣ፤ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ፤ ሊሄድ ሲነሳ «እነዚህ እዚህ ከቆዩ ይሞታሉ፣ ናንግ» ብሎ ገንዳው ውስጥ የነበሩትን ዓሣዎች ሁሉ ይዞ ሄደ። እውነቱን ነው። ተከራዩን ግን ተወው። ጸሎቱ ሲያልቅ ጎረቤትም ወደየቤቱ ገባ። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ውስጥ የሚሰማው በመኪና ባትሪ የሚሠራው የገንዳው የአየር መንፊያ ሲንቦቀቦቅ፣ ዛጎሉም መስታወቱን ሲነካ ቅጭል የሚለው ድምፅ ብቻ ሆነ።

እንግዲህ ያ ሸርጣን ነው ቤት የጠበበው።

ልጇ ጆቬሊን ከባሕሩ ማዶ ባለው ከተማ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች፤ እሑድ እሑድ ትደውላለች። እናቷን «ናይ» ነው የምትላት።

«ናይ፣ እንዴት ነሽ?»

«ደህና። ተከራዩ ቤቱ ጠቦታል።»

«ስለ ሸርጣኑ ጠየቅሁሽ? ስለ አንቺ ነው እንጂ።»

«እኔማ ሰፍቶኛል።»

«በቃ ወደ ባሕር መልሺውና እኔ ጋ ነይ። እዚህ ሰው አለ፣ መብራት አለ፣ ቴሌቪዥን አለ።»

«በአንድ እጁ፣ ግማሽ ገላው ውጭ ሆኖ? ፀሐይ ሳትጠልቅ ይበሉታል።»

ነገሩን እንዲህ አድርጌ ላስረዳ። ሸርጣን የሚያድገው ልብሱን በመቀየር ነው። አሮጌው ቅርፊት ይሰነጠቅና ይወጣል፤ ከሥሩ ያለው አዲሱ ቅርፊት እስኪጠነክር ግን ሸርጣኑ ፈጽሞ አቅም የለውም። በዚያ ጊዜ የሚያድነው ጥልቅ ቤት ነው። የጠፋ እጅ የሚበቅለውም ያኔ ነው፤ መጀመሪያ ትንሽ፣ ቀጥሎ ትልቅ። ስለዚህ ሰፊ ዛጎል ካልተገኘ ልብሱን በሰላም አይቀይርም፤ ካልቀየረም እጁ አይበቅልም። ፓንያንግ ይህን ሁሉ ከክሪሶሎጎ ሰምታለች። ስለዚህ ዛጎል ልትፈልግለት ተነሳች። ጓሮዋ ውስጥ ዛጎል በጆንያ ተከምሮ፣ ይህ ከባድ ይሆናል ብሎ ማን ያስባል?

ጆንያዎቹን አንድ በአንድ ገልብጣ አየች። ዝሆን ጥርስ የመሰሉ፣ ነብርማ ነጠብጣብ ያለባቸው፣ እንደ ጆሮ የተጠቀለሉ አሉ። ዛጎል ሲባል ግን ሁሉም ለሸርጣን አይሆንም። አፉ እንደ መስመር የጠበበው አያስገባም፤ እንደ ሳህን የተዘረጋው አይደብቅም፤ የተበሳው ውኃና ጠላት ያስገባል። የሚያስፈልገው አፉ ክብ፣ ውስጡ ሰፊ፣ የተጠማዘዘው የትልቁ አረንጓዴ ቀንድ አውጣ ዛጎል ነው። ከአንዱ ጆንያ ሥር፣ ባይጸዳም ያልተበሳ አንድ አገኘች። ደስ አላት። በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች፤ አሲድ ውስጥ ነከረችው፤ ፈተገችው፤ አለቀለቀችው፤ የሕፃናት ቅባት ቀባችው። ጠርሙሱን መቼ እንዳነሳችው እንኳ አላወቀችም። እጆቿ ሳያማክሯት የለመዱትን ሠሩ።

ዛጎሉን ገንዳው ውስጥ ስታስቀምጠው እንደ መብራት ያበራ ነበር። ተከራዩ መጣ። በአንቴናው ነካ አደረገው። ወደኋላ አፈገፈገ። እንደገና መጣ፤ እንደገና አፈገፈገ። ፓንያንግ «ምነው፣ አልወደድከውም? ይሄ እኮ ለቱሪስት ነው የሚሰጠው!» አለችው።

ከሰዓት በኋላ የውኃው ገጽ ላይ የቀስተ ደመና ቀለም ተዘረጋ። ሦስቱ አበቦች ተኮራምተው የልብስ ቁልፍ አክለዋል። ጣቷን አሸተተች። የሕፃን ሽታ።

ተከራዩን በባልዲ አድርጋ ገንዳውን ገለበጠችው። መስታወቱን በአመድና በሞቀ ውኃ አጥባ አዲስ የባሕር ውኃ ስትቀዳ አመሸች። ውኃ የሚቀዳበት ጊዜም አለው፤ ባሕሩ ሲመጣ እንጂ ሲሄድ አይቀዳም፤ ሲሄድ የመንደሩን ቆሻሻ ይዞ ነውና። ከመርከብ ማሰሪያው አልፎ፣ ወገብ ድረስ ገብቶ፣ ባልዲውን ከገጽ ዝቅ አድርጎ ነው የሚሞላው። ክሪሶሎጎ ሁለት ባልዲ በእንጨት አንጠልጥሎ ይሸከም ነበር። እሷ አንድ አንድ እያለች ተመላለሰች።

ተከራዩ ተረፈ። ሁለቱ አበቦች ውለው አድረው ተከፈቱ። ሦስተኛው ሳይከፈት ቀረ፤ አንድ ጠዋት ከዛጎሉ ላይ ወድቆ አገኘችው። በእጇ መዳፍ ይዛው ወደ ደረጃው ወረደችና ውኃው ላይ አኖረችው። ስለዚህ አበባ ለማንም አልነገረችም፤ እኔ ያወቅሁት ሁለት መሆናቸውን ቆጥሬ ስጠይቃት ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ባሕር ዳር መውረድ የጀመረችው። ከክሪሶሎጎ ሞት ወዲህ አልወረደችም ነበር። ባሕሩ ርቆ በሚሸሽባቸው ጊዜያት የደሴታችን ሴቶች ቅርጫትና አጭር ብረት ይዘው በተጋለጠው ኮራል ላይ ይበተናሉ፤ ለድስት የሚሆን ቀንድ አውጣና ሌላም ነገር ይለቅማሉ። ድንጋይ ያነሳ ሰው እንደነበረ መልሶ መደፋት አለበት፤ ከሥሩ የሚኖረው ሁሉ በፀሐይ ይሞታልና። ሾጣጣውን፣ እንደ ጨርቅ የተዘመዘመውን ዛጎል ደግሞ ማንም በእጁ አይነካም። ውስጡ ያለው ቀንድ አውጣ መርዘኛ ጦር አለው፤ እጅ አይቶ የማይምር።

ቴክላ ገና ከሩቅ አየቻት። ቴክላ ሦስት ቤት አልፋ የምትኖር፣ ድምጿ ከሞተር ጀልባ የሚበልጥ ሴት ናት፤ በዕድሜ ስለምታንሳት ፓንያንግ «ዳይ» ትላታለች።

«ናንግ ፓንያንግ! ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች? ለድስት ነው ወይስ ለጆንያ?»

«ለተከራዩ ቤት ልፈልግ ነው።»

«ለሸርጣን ቤት!» ቴክላ ወደ ሌሎቹ ሴቶች ዞረች። «ሰማችሁ? የእኔ ጣራ እያፈሰሰ ናንግ ለሸርጣን ቤት ትፈልጋለች! እኔንስ መቼ ነው የምታከራይኝ?»

«አንቺ ሌሊት ታንኮራፊያለሽ፣ ዳይ። ተከራዬን ትቀሰቅሽብኛለሽ።»

ሴቶቹ ሳቁ። ፓንያንግም ሳቀች፤ ድምጿ ከለመደችው በላይ ስለወጣ ራሷ ደነገጠች።

ትልቁ አረንጓዴ ቀንድ አውጣ ድሮ እንደ ድንጋይ ሞልቶ ነበር ይባላል። አሁን ኮራሉ ጠርዝ ላይ፣ ማዕበሉ በሚመታበት ብቻ፣ አልፎ አልፎ ይገኛል። ያገኘ ሰው ለድስት ይወስደዋል። ስለዚህ ፓንያንግ በባሕሩ ዳር ያጣችውን ዛጎል ከየቤቱ ጓሮ፣ ከተበላ በኋላ ከሚጣልበት ክምር ውስጥ ለመፈለግ አሰበች። አሳቡ ብልህ ነበር። ነገር ግን እኛ ቀንድ አውጣ ስንሠራ አንድ ልማድ አለን። ድስት ውስጥ ከመጨመራችን በፊት በቢላዋ ጀርባ የዛጎሉን ጫፍ ቀጭ እናደርገዋለን። የኮኮናቱ መረቅ በጫፉ ይገባል፤ ሲበላ ደግሞ አፍ ላይ አድርጎ አንዴ መምጠጥ ነው፣ ሥጋው ከነመረቁ ይወጣል። እናቶቻችን እንዲህ ነው የሠሩት፤ ልጆቻችንም እንዲህ ነው የሚመጥጡት። በመንደሩ ውስጥ ጫፉ ያልተሰበረ የተበላ ዛጎል የለም።

ፓንያንግ ከክምር ወደ ክምር ሄደች። እያንዳንዱን ዛጎል አንስታ አፉን ከአፏ ታስጠጋና ትነፋለች። ትንፋሿ በጫፉ በኩል ወጥቶ መዳፏን ከነካት ትጥለዋለች። ይህ መፈተኛ የራሷ ነው፤ ቀላልም ትክክልም ነው። በጫፉ አየር የሚያሳልፍ ዛጎል ውኃም ትልም ያሳልፋል፤ የሸርጣኑ ለስላሳ ጅራት ደግሞ የሚደርሰው እዚያ ጋ ነው። ውሾች ተከትለዋት እየዞሩ፣ ሰው አጥሩ ላይ ተደግፎ እያያት፣ የመንደሩን ዛጎል ሁሉ ነፋች። ትንፋሿ ያልወጣበት አልተገኘም።

ተከራዩ በዚህ መካከል መብላት አቆመ። ከገንዳው ጥግ አይነሳም። ቅጭልታውም ቀረ። ቤቱ ውስጥ የአየር መንፊያው ብቻ ነበር የሚሰማው። ጆቬሊን ስትደውል ፓንያንግ ስለ እሱ አላነሳችም፤ ጆቬሊንም አልጠየቀችም።

ባሕሩ በሸሸበት ሌላ ጠዋት ቴክላ እየሮጠች መጣች። «አገኘሁልሽ፣ ናንግ! የልጅ ራስ የሚያክል! ማታ በልተነው ዛጎሉን አመጣልሻለሁ።»

«ጫፉን እንዳትነኪው፣ እባክሽ። ሥጋው በመርፌ ቁልፍ ነው የሚወጣው።»

«አልነካም። ሞኝ መሰልኩሽ?»

በማግስቱ ጠዋት ቴክላ ደረጃው ሥር ቆማ ነበር። አልጮኸችም፤ ከዚህ ነው ፓንያንግ ነገሩን ያወቀችው። ዛጎሉን በሁለት እጇ ይዛለች። ትልቅ ነው፣ አረንጓዴ ነው፣ አፉ ክብ ነው። ጫፉ የለም።

«ድስቱ ፈልቶ ነበር» አለች ቴክላ። «ከልጄ ጋር እያወራሁ ነበር። ቀጭ ሲል ሰማሁ እንጂ እጄን አላየሁትም። ናንግ፣ እጄ ነው። እኔ አይደለሁም።»

ፓንያንግ ዛጎሉን ተቀብላ ነፋችው፤ ከልማድ። ከዚያ «አውቃለሁ» አለች። «የእኔም እጅ እንደዚሁ ነው። ግቢ፣ ሩዝ አለ።»

ቴክላ ግን አልገባችም። ከዚያ በኋላ ባሕሩ በሸሸ ቁጥር ከሁሉ ቀድማ እየወጣች ማዕበሉ የሚመታበት ድረስ ትሄድ ጀመር፤ እኛ ከሩቅ ጉልበቷ ድረስ ገብታ ስትንገዳገድ እናያት ነበር። አንድ ቀን ከዚያ በቀጥታ፣ ወደ ቤቷ ሳትዞር፣ ውኃ የሞላ ባልዲ ይዛ ወደ ፓንያንግ ቤት መጣች። ውስጡ በሕይወት ያለ ቀንድ አውጣ ተቀምጧል።

«ያዢው፣ ቶሎ በዪ። እጄ ሳያየው!»

ፓንያንግ በፈላ ውኃ ውስጥ ለአጭር ጊዜ ብቻ ነከረችው። ሥጋውን በመርፌ ቁልፍ ወጋችና ዛጎሉን እንጂ መርፌውን ሳታዞር፣ ጥምዝማዙን ተከትላ ቀስ እያለች ሳበች። ከተጣደፉ ይበጠስና ቀሪው ውስጥ ይበሰብሳል። ጫፉ ድረስ ሳይበጠስ ወጣ። ቴክላ ሥጋውን በኮምጣጤ እያጣቀሰች «መረቅ የሌለው ቀንድ አውጣ! ይሄን የበላ ሰው ይቅርታ ሊጠየቅ ይገባል» አለች፤ ነገር ግን ከድርሻዋ በላይ በላች። ከጸሎቱ ቀናት ወዲህ በዚያ ገበታ ላይ ሁለት ሳህን ሲቀርብ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ስትሄድ ፓንያንግ ሁለቱንም ሳህን አጠበች።

አሁን አሲድ የለም፤ ቅባት የለም። ፓንያንግ ጠርሙሶቹን ጎረቤት አስቀመጠች፣ እጇ እንዳያገኛቸው። ዛጎሉን በክሪሶሎጎ አሮጌ መረብ ቁራጭ ቋጥራ ከቤቱ ምሰሶ ላይ ባሕሩ ውስጥ አንጠለጠለችው። ትናንሽ ዓሣዎች ውስጡን ለቅመው አጸዱት። ቀስ በቀስ አረንጓዴ ሻጋታ የመሰለ ነገር ለበሰ፤ ለዛጎል ነጋዴ ያ ቆሻሻ ነው፣ ለሸርጣን ግን የቤት ሽታ ነው። ስታወጣው አፏን አስጠግታ ነፋች። ትንፋሿ ወደ ራሷ ተመለሰ።

ገንዳው ውስጥ ያስቀመጠችው ዝናብ በያዘ፣ ጨለምለም ባለ ከሰዓት ነው። ተከራዩ ከጥጉ ተነሳ። በመጀመሪያ በአንቴናው አሸተተው። ከዚያ አንዱን እግሩን በዛጎሉ አፍ በኩል እስከሚደርስለት ድረስ አስገባ፤ ጥልቀቱን መለካቱ ነው። ገለበጠው። ውስጡ የቀረ አሸዋ እንዳለ አንቀረቀበው። ቤት የሚገዛ ሰው እንኳ እንዲህ አይመረምርም። ፓንያንግ ወንበሯን አስጠግታ ትንፋሿን ይዛ ተቀምጣለች። ተከራዩ ሁለቱን ዛጎሎች አፍ ለአፍ አገጣጠመ። ቆመ። በድንገት ያ ለስላሳ፣ ሮዝ ቀለም ያለው፣ ማንም ያላየው ገላው ብልጭ ብሎ ወጣና አዲሱ ቤት ውስጥ ጠፋ። ከዓይን ጥቅሻ የፈጠነ ነበር።

ዋናው ገና ነው። ተከራዩ ወደ አሮጌው ዛጎል ተመለሰ። በቀረችው እጁና በእግሮቹ አንደኛውን አበባ መምታት ጀመረ፤ መምታትም አይባልም፣ የተኛ ሰው እንደሚቀሰቅስ ትከሻ መታ መታ ማድረግ ነው። ሌላ ማንም ቢነካው የሚለበልበው አበባ እሱን አይለበልብም። ቀስ እያለ ሥሩን ለቀቀ። ተከራዩ አንስቶ አዲሱ ዛጎል ላይ አኖረው፤ እስኪይዝ ደግፎት ቆየ። ለሁለተኛውም እንዲሁ አደረገ። ባለ ሁለት እጅ ቢሆን ቶሎ ይጨርስ ነበር፤ እሱ ግን እስኪመሽ ፈጀበት፣ ሁለት ጊዜም አመለጠው። ፓንያንግ ለእራት አልተነሳችም።

ሳምንታት አለፉ። አንድ ጠዋት የዛጎሉ አፍ ላይ ወድቆ አገኘችው። እግሮቹ ተዘርግተዋል፤ ዓይኖቹ ፈዘዋል። ማንንም አልጠራችም። ወንበሯ ላይ ተቀመጠችና ቆየች። የአየር መንፊያውን ለማጥፋት እጇን ስትዘረጋ ግን የውኃው ንቅናቄ አስከሬኑን አንሳፈፈው፤ እንደ ገለባ ቀሎ ተገለበጠ። ባዶ ነበር። ልብሱን ነው የቀየረው። አጎንብሳ ወደ ዛጎሉ ውስጥ አየች። ከጥልቁ ሁለት ዓይኖች ያዩዋታል፤ በግራ በኩል ደግሞ የሩዝ ፍሬ የምታክል፣ ብርሃን የምታሳልፍ አዲስ እጅ።

በሚቀጥለው ልብስ ቅየራ እጁ የጣት ጥፍር አከለ። በሚቀጥለው የዛጎሉን አፍ ግማሽ ሸፈነ። ተከራዩ ወፍሯል፤ ቅጭልታው ተመልሷል፤ ፓንያንግ ከሥራ ስትገባ ከገንዳው ሌላ ጫፍ ተነስቶ ወደ መስታወቱ ይመጣል። ክሪሶሎጎ ያለው ቀን እየደረሰ ነበር። ፓንያንግ ስለዚህ ስትጠየቅ «ገና ነው» ትላለች። ቆይታ ደግሞ «ከዝናቡ በኋላ» አለች። ዝናቡ አለፈ።

ከዚያ ቴክላ አንድ ከሰዓት መስታወቱ ፊት ቆማ «እዪው፣ ናንግ፣ እንዴት ነው የሚሮጥልሽ! ውሻ ነው እንዴ?» አለች።

«ጥላዬን ያውቃል። ጥላዬ ሲያርፍበት ምግብ መጣ ማለት ነው።»

«ባሕር ውስጥስ? የጠላቂ ጥላ ሲያይ እንዲሁ ሊሮጥ ነው?»

የፓንያንግ ፈገግታ ፊቷ ላይ ደረቀ። ዕድሜዋን ሙሉ የጠላቂ ሚስት ነበረች። ጥላ ወደ ኮራል ሲወርድ የማይሸሽ እንስሳ ምን እንደሚሆን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ዛጎሉ ትልቅ ነው፣ ጫፉ ሙሉ ነው፣ በላዩ ሁለት አበባ አለበት። መጀመሪያ ያየው ሰው ያነሳዋል።

«ቆይ ታዲያ» አለች ቴክላ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፤ «እዚሁ ቢኖርስ? ማን ይከስሻል?»

ፓንያንግ ገንዳውን አየች። እሱ መስታወቱ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። «ክሪሶሎጎ ለተከራዩ ቃል ሰጥቷል» አለች በመጨረሻ። «እኔ ሚስቱ ነኝ፤ የዚያ ቃል ባለቤት ግን አይደለሁም፣ እንዳፈርሰው።»

ስለዚህ አሁን የያዘችው ሥራ ይህ ነው፤ እንዲፈራት ማስተማር። በሥርዓት ነው የምትሠራው። መስታወቱን በዱቄት ከረጢት ሸፍናለች። ምግቡን ከከረጢቱ ጀርባ በረጅም ቀርከሃ፣ አንዴ በዚህ ጥግ አንዴ በዚያ ጥግ፣ ሰዓቱን እየለዋወጠች ትጥልለታለች፤ ከሰው እንደሚመጣ እንዳያውቅ። ቁራጭ ዓሣ መስጠት ትታ ከነቅርፊቱ ያለ ትንሽ የባሕር ቀንድ አውጣ ትሰጠዋለች፤ በአዲሱ እጁ ራሱ ፈልቅቆ ይብላ። በቀን አንድ ጊዜ ከረጢቱን ትገልጥና ጥላዋን ትጥልበታለች። ያኔ ምግብ የለም። ያኔ በቀርከሃው ዛጎሉን ትመታዋለች።

በዚህ ሥራ ላይ ሳለች አታወራውም። ድምጿንም ያውቃልና።

ትናንት ሄጄ አይቻታለሁ። ከረጢቱን ገለጠች፤ ጥላዋ አሸዋው ላይ አረፈ። ተከራዩ ከድንጋዩ ሥር ወጣና ወደ እሷ ተንቀሳቀሰ። ቀርከሃውን አውርዳ ዛጎሉን መታችው። ቆመ። ወደኋላ ሸሸ፤ እግሮቹን ሰበሰበ፤ ግራ እጁ የዛጎሉን አፍ ከሞላ ጎደል ዘጋው። ፓንያንግ ጠበቀች። ትንሽ ቆይቶ እጁ ቀስ ብሎ ተነሳ፤ ዓይኖቹ ወጡ፤ አንድ እግር፣ ሌላ እግር፣ እንደገና ወደ ጥላዋ መምጣት ጀመረ።

ፓንያንግ ዓይኗን በክንዷ ጠረገችና ቀርከሃውን መልሳ አነሳች።